መልስ፦ እናቴን ይዤ በአንድ ቀን ደርሼ የምመለስበት ታሪካዊ ቦታ የት አለ?

እህቴ፣ ጠዋት ወጥታችሁ ማታ አዲስ አበባ ለመግባት ከሆነ አንኮበር ራቅ ስለሚል ለሌላ ጊዜ አቆዪውና አዲስ ዓለም ሂዱ። በአምቦ መንገድ ሆለታን አልፎ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ ደረሰና አዲስ አበባ መናገሻነቷን ሳታጣ ቀረች፤ ኮረብታው ላይ የተጀመረው ሕንፃም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የውስጡን ሥዕሎች ሳታዩ እንዳትመለሱ! እኔ ከፊታቸው መነሣት ያቅተኛል። ቅዳሴ ሲያልቅ ካህናቱን ስለ ሙዚየሙም ጠይቂያቸው። ከአስፋልቱ ወደ ላይ ዳገት ስላለ እናትሽን በእግር አታድክሚያቸው፣ ባጃጅ ያዙ። ነጠላችሁንም አትርሱ።