ሥራ ለቆ የጁዶ ክለብ ስለ መክፈት

ከኮምቦልቻ የጻፉልን ጠያቂያችን፣ ከልጅነትዎ ጀምሮ በጁዶ ሲወዳደሩ ኖረው አሁን በጉልበት ሕመም ምክንያት ውድድር ለማቆም መወሰንዎን፣ የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ሊሰጥዎ ቃል መግባቱን ገልጸው፣ የፋብሪካ ሥራዬን ለቅቄ አሠልጣኝ ልሁን ወይ ሲሉ ጠይቀዋል። ክለቡን ይክፈቱ፤ ሥራዎን ግን ገና አይልቀቁ።

ሜዳሊያዎችዎ የሚመሰክሩት ተጋጣሚን መጣል መቻልዎን ነው። ማሠልጠን ሌላ ሙያ ነው፤ እርስዎ ሳያስቡ የሚያደርጉትን እንቅስቃሴ ለጀማሪ ከፋፍሎ ማሳየትን ይጠይቃል። መጀመሪያ የሚመዘኑትም በአወዳደቅ ትምህርት ነው። አገጩን ወደ ደረቱ መሰብሰብና ምንጣፉን በክንዱ መምታት ያልለመደ ልጅ ወደ ኋላ ሲጣል ጭንቅላቱ ይመታል፤ በጃፓን ትምህርት ቤቶች በጀማሪዎች ላይ ከደረሱት ከባድ የጭንቅላት ጉዳቶች ጋር ስሙ ተደጋግሞ የሚነሣው ስልትም ወደ ኋላ የሚጥለው ኦሶቶ ጋሪ ነው። ስለዚህ ታታሚ (የጁዶ መለማመጃ ምንጣፍ) እስኪሟላ ድረስ በሲሚንቶ ላይ ስስ ስፖንጅ አንጥፈው መጣጣልን አያስጀምሩ።

ልጆቹን ቶሎ ለውድድር የማቅረብ ፍላጎት እንደሚያድርብዎ እገምታለሁ፤ የቀድሞ ተወዳዳሪዎች ሁሉ ፈተና ነውና። የጃፓን ጁዶ ፌዴሬሽን እንኳ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ብሔራዊ የግል ውድድር እ.ኤ.አ. በ2022 ያስቀረው ማሸነፍ ብቻ ግብ እየሆነ በመምጣቱ ነበር። ደንቡንም እንደገና ያጥኑ፤ በወጣትነትዎ ነጥብ ያስገኝ የነበረው እግርን በእጅ ይዞ መጣል እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በዓለም አቀፍ ውድድር ያስቀጣል።

የሥልጠናውን ሰዓት ሲያወጡ በወሎ አንድ ክፍል ውስጥ ሁዳዴን የሚጾመውም ረመዳንን የሚጾመውም ልጅ እንደሚገኝ ያስቡ። የምሽቱ ልምምድ ከማፍጠሪያ ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ ያድርጉ፤ በጾም ላይ ያለን ልጅ ለውድድር ብለው ክብደት አያስቀንሱ።

የአዳራሹን ቃል በጽሑፍ ያስውሉ። ደሴ ባለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል ስለ አሠለጣጠንና ስለ መጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይጠይቁ።

ገቢውን ሲያሰሉ በክረምት ቁጥር አይመኑ፤ ትምህርት ሲዘጋ አዳራሹ ይሞላል፣ መስከረም ሲጠባ ግን ብዙዎቹ መምጣት ያቆማሉ። ሥራዎን የሚለቁት እስከ ኅዳር ሥልጠናውን የቀጠሉት ልጆች የሚከፍሉት ገንዘብ የቤት ኪራይዎንና ቀለብዎን መሸፈኑን ካረጋገጡ በኋላ ይሁን።