አራስ ቀና ስትል የሚነሳ ራስ ምታት ሁሉ ምች አይደለም

ወንድሜ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት! «ባለቤቴ በኦፕሬሽን ከወለደች 4ኛ ቀኗ ነው፤ ቀና ስትል ራሷን ይፈልጣታል፣ ስትተኛ ይተዋታል፤ ቤተሰብ ምች ነው ይላል» ያልከውን ሳነብ የራሴን ነገር የጻፍክ መሰለኝ። እኔም እዚሁ ሀዋሳ ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ገጥሞኛል። ሐኪም አይደለሁም፤ ያየሁትን ልንገርህ።

በሦስተኛው ቀን ገንፎ ቀርቦልኝ ቀና ስል ከማጅራቴ ተነስቶ ግንባሬን የሚወጥር ሕመም ያዘኝ። ጆሮዬ ውሃ እንደገባበት ድፍን አለ። ማንኪያውን ሳላነሳ ጋደም አልኩ፤ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ተወኝ። አማቴ ዳማ ከሴ አሽተው አሸተቱኝ፤ ሽታውን እወደዋለሁ፣ ግን ቁጭ ስል ያው ነው። ልጄንም በጎኔ ተኝቼ ነበር የማጠባው።

መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ሳይነስ ነው ብሎ አንቲባዮቲክ ሰጠን። ግማሹ ጥፋት የኔ ነው፤ ለማደንዘዣ ወገቤን መወጋቴን አልነገርኳቸውም። በኋላ ሆስፒታል ስንሄድ የሰመመን ባለሙያው ገና ሳይነካኝ «ስትተኚ ይተውሻል?» አለኝ። መርፌው የአከርካሪውን ሽፋን ሲበሳ ቀዳዳው ቶሎ ካልተደፈነ በሽፋኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይፈሳል፤ አንጎል የሚንሳፈፈው በዚያ ፈሳሽ ስለሆነ፣ ሲጎድል ቀና ባልን ቁጥር ወደ ታች ይጎተታል። ብዙ ጊዜ በ5 ቀን ውስጥ ይጀምራል፤ አብዛኛው ሰው ላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ የታዘዘልኝ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን፣ በቂ ውሃ፣ ቡናም ጭምር ነው (ሲዳማ ምድር ላይ ተቀምጦ ቡና በሐኪም መታዘዝ!)። ቡናው ያስታግሳል እንጂ ቀዳዳውን አይደፍንም፤ ሲበዛ ደግሞ የምታጠባውን ልጅ እንቅልፍ ይነሳል።

እኔን ግን አልተወኝም። ከክንዴ 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ቀድተው፣ ከሽፋኑ ውጭ ባለው ክፍተት በወገቤ ሰጡኝ። የራስ ደም ነው፤ እዚያ ረግቶ ቀዳዳውን ይደፍናል። ወገቤን ሲጫነኝ «በቃ» አልኩ፣ እነሱም አቆሙ። ሁለት ሰዓት በጀርባዬ ተኝቼ ስነሳ ያ ሕመም የለም። ሁሉም ሰው ላይ በአንዴ አይሠራም፤ የሚደገምላቸው አሉ፤ ትኩሳት ካለም አይሰጥም። ወደ ቤት ስንመለስ የባጃጁን ልጅ በየጉድጓዱ «ቀስ በል» ስለው ሰለቸው። ለጥቂት ቀናት ጀሪካን ማንሳት ተከልክዬ ነበር።

አንድ ነገር ግን አታዘግይ፤ ዛሬውኑ የደም ግፊቷንና ትኩሳቷን አስለካ። የእርግዝና ግፊት ከወሊድ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ሊመጣ ይችላል። ተኝታም የማይተዋት ከሆነ፣ ዓይኗ ብዥ ካለ፣ ካተኮሳት፣ ካንቀጠቀጣት ወይም አንድ ጎኗ ከደከመ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት። ካርድ ስታወጡም ገና ከመጀመሪያው «ወገቧን በዚህ ቀን ተወግታለች» በላቸው።