ሁለቱም ጎማ ዘይት ካንጠባጠበ መጀመሪያ መተንፈሻውን እይ

ከአዳማ የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለ አይሱዙ ኤንፒአር አለኝ። ከመተሐራ ሽንኩርት እየጫንኩ ወደ አዳማ እመላለሳለሁ። የኋላ ጎማዎቹ በውስጥ በኩል ዘይት ያንጠባጥባሉ፤ ግራውም ቀኙም። በስድስት ወር ውስጥ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያመልጥ የሚይዘውን የላስቲክ ቀለበት) ሁለት ጊዜ አስቀየርኩ፤ ወር ሳይሞላው ተመልሶ ያፈስሳል። ባዶውን ስሄድ ደህና ነው፤ ጭኜ ስመለስ ይብስበታል። ሰሞኑን ደግሞ ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ይስበኛል። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ፍሬኑን። ወደ ግራ የሚስብህ የቀኙ የፍሬን ሸራ ዘይት ጠጥቶ መያዝ ስላቃተው ሳይሆን አይቀርም። ታምቡሩን፣ ማለትም ሸራው የሚይዘውን ከጎማው ጋር የሚዞር ብረት፣ ከፍተህ እስክታየው ድረስ ጭነት አትጫንበት። አንድ የሽንኩርት ጭነት ቢቀርብህ ይሻላል።

አሁን ወደ ዘይቱ። መኪናህን ሳላየው ጥርጣሬዬን የጣልኩት በዲፈረንሻሉ (በኋላው አክስል መካከል ሆኖ ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች በሚያካፍለው የጥርስ ቤት) የአየር መተንፈሻ ላይ ነው። አንድ ጎማ ብቻ ቢያፈስስ ኖሮ ኦይል ሲሉን ወይም ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ እጠረጥር ነበር። ሁለቱም ጎን አንድ ላይ ሲያፈስስ፣ አዲስ ኦይል ሲል ገብቶ በወሩ ሲመለስ፣ ያውም ጭኖ ዳገት ሲወጣ ሲብስ፣ ዘይቱን ከውስጥ የሚገፋው ነገር አለ ማለት ነው።

ይህን ነገር በደንብ ላስረዳህ፤ ጋራዥ ውስጥ ሲነገር የማልሰማው ነገር ነውና። የኋላው አክስል ውስጡ በዘይት የተሞላ አይደለም። ከታች ዘይት አለ፣ ከላይ አየር አለ። ጠዋት ስትነሣ የአየሩ ሙቀት 30 ዲግሪ ነው እንበል። ጭነህ ሁለት ሰዓት ስትነዳ ጥርሶቹ እየተፋተጉ ዘይቱን 90 ዲግሪ ቢያደርሱት፣ አየሩ በ20 በመቶ ያህል ሊሰፋ ይፈልጋል። መውጫ ካለው ይወጣል፣ ነገሩም በዚያ ያበቃል። መውጫው ከተደፈነ ግን ግፊት ይሆናል፤ ግፊቱም ደካማውን በር ይፈልጋል። ደካማው በር የኦይል ሲሉ ከንፈር ነው። ያ ከንፈር የተሠራው ዘይት እንዳይረጭ ለመጥረግ እንጂ ግፊት ለመቋቋም አይደለም።

በአንተ መንገድ ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። ከመተሐራ አዳማ ስትደርስ ከ600 ሜትር በላይ ወጥተሃል። ከፍታው ሲጨምር የውጭው አየር ይሳሳል፤ በአክስሉ ውስጥ የታፈነው አየር ግን እንደ ቆላው ነው፣ ያውም ግሎ። አዲስ አበባ ላይ ውሃውን ጠጥተህ ክዳኑን አጥብቀህ የዘጋኸውን ባዶ ፕላስቲክ መተሐራ ላይ ስታየው ጎኑ ተጨማድዶ ታገኘዋለህ። ከመተሐራ ወደ ላይ ስትመጣ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ባዶውን ወደ ታች ስትወርድ ደህና መሆኑ፣ ጭነህ ወደ ላይ ስትመለስ ማፍሰሱ ለዚህ ነው። ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አክስሉ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ በዚያው ከንፈር በኩል አቧራ አብሮ ይገባል። የአዳማን ነፋስና አቧራ አንተ ታውቀዋለህ። አቧራው ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ከንፈሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። አዲሱ ኦይል ሲል ወር የማይሞላው በዚህ ነው።

መተንፈሻው በአክስሉ ቤት አናት ላይ ያለች፣ ባርኔጣ የመሰለች ትንሽ ክዳን ናት። ብዙ ጊዜ በጭቃ ተሸፍና አትታይም፤ በሽቦ ብሩሽ ፈልጋት። ከጉዞ እንደተመለስክ ጨርቅ ይዘህ ቀስ ብለህ ፍታት፤ ዘይቱ ስለሚያቃጥል ፊትህን አርቅ። ፍስስ የሚል ትንፋሽ ከሰማህ በሽታው ተገኘ። በናፍታ እጠባት፣ ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ክፈት፣ ባርኔጣዋ በጣትህ ስትነካት መንቀሳቀስ አለባት። ካልተንቀሳቀሰች አዲስ ግዛ፤ ዋጋዋ ከአንድ ኦይል ሲል አይበልጥም። አንድ ጊዜ የመጣልኝ መኪና ላይ መተንፈሻዋ ተነቅላ ቀዳዳው በብሎን ተደፍኖ አገኘሁ። ቀድሞ የሠራው ሰው ዘይት በዚህ ይረጫል ብሎ ነው የደፈነው። ብሎኑን ሳላላ የዘይት ጉም እጄ ላይ ተረጨ። ባለቤቱ በዓመቱ ስምንት ኦይል ሲል ገዝቷል። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል።

እዚያው ሳለህ የዘይቱን መጠን እይ። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ቀዝቅዞ፣ መሙያው ሲከፈት ዘይቱ ከቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ ጋር እኩል መሆን አለበት። «ለማንኛውም» እየተባለ የሚጨመር ዘይት ሁሉ በጎማ በኩል ነው የሚወጣው።

ጎማው ላይ ያየኸው ነገርም በእርግጥ የአክስል ዘይት መሆኑን ለይ። በጣትህ ነክተህ ሽተተው። የአክስል ዘይት ወፍራም ነው፣ የድኝ ሽታ አለው፣ በውሃ አይለቅም። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፣ በውሃ ይለቅቃል፤ እርሱ ከሆነ የጎማው ሲሊንደር ነው የሚያፈስሰው፣ ሥራውም ሌላ ነው።

መተንፈሻው ቢከፈትም ጎማዎቹን መክፈትህ አይቀርም፤ የተበላው ከንፈርና ዘይት የጠጣው ሸራ እዚያው አሉ። ሥራ ሳትጀምር ግን ይህን አንብብ፤ ረዳትህም ይስማ። የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን የኋላ ጎማዎቹን አይዝም። የሚይዘው ከካምቢዮው ጀርባ ያለውን ዘንግ ነው። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ስታነሣው ዲፈረንሻሉ መሬት ላይ ያለውን ጎማ ይለቅቀዋል። ሻፍቱን፣ ማለትም ከዲፈረንሻሉ ወጥቶ ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ፣ ስትስበውም እንዲሁ። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ብትስበው ምንም አይረዳህም። ስለዚህ ሜዳ ቦታ ምረጥ፣ የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በእንጨት ታኮ ያዛቸው። ክሪኩ ማንሻ ብቻ ነው፤ ከተነሣ በኋላ ክብደቱ በጠንካራ የብረት ማቆሚያ ላይ ይረፍ። ድንጋይና ብሎኬት ማቆሚያ አይደሉም። ትንሽ ተዳፋት ላይ ሻፍት ሲሳብ የተንሸራተተ መኪና አይቻለሁ። ታኮ የሚባል አልነበረም፤ ረዳቱን ያተረፈው በዚያች ቅጽበት መፍቻ ሊያመጣ መሄዱ ብቻ ነው።

ዘይቱን በንጹሕ ሳፋ አፍስሰህ መልኩን እይ። እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። የብረት ፍንጣሪ በብዛት ካለ ጉዳዩ ከኦይል ሲል ያለፈ ስለሆነ ዲፈረንሻል ወደሚያውቅ ሰው ሂድ። ከዚያ የሻፍቱን ዳዶዎች ፍታ። በሻፍቱ ክብ አናት ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ባዶ ቀዳዳዎች ታገኛለህ፤ ልክ የሚሆኑ ብሎኖች አስገብተህ ተራ በተራ ስታጠብቃቸው ሻፍቱ ራሱ ይወጣል። መሮ እየሰነጉ በመዶሻ መምታት ፊቱን ያበላሸዋል፤ በኋላ እዚያ ያፈስስና ሲሊኮን ይለቀለቅበታል። ስለ ሲሊኮን ከተነሣ፣ ከውስጥ ሞልቶ የተረፈው እየተቆረሰ ዘይቱ ውስጥ ይዋኛል። ጋስኬት ባለበት ቦታ ጋስኬት አስገባ።

በመኪናህ ላይ ዘይቱ የሚወጣው በሁለት በር ነው። መጀመሪያ በሻፍቱ በኩል ያለውን ኦይል ሲል አልፎ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት፣ ኩሽኔታው ያለበት ብረት) ውስጥ ይገባል፣ የኩሽኔታውን ግሪስ ያቀጥነዋል፣ ከዚያ የሞዞውን የውስጥ ኦይል ሲል አልፎ ታምቡሩን ያጥለቀልቃል። አንዱን ብቻ መቀየር ግማሽ ሥራ ነው። ሁለቱንም ቀይር፤ የቀጠነውን ግሪስ በናፍታ አጥበህ፣ ኩሽኔታውን አድርቀህ፣ አዲስ ግሪስ በመዳፍህ እየጫንክ በጥቅልሎቹ መካከል እስኪወጣ ሙላ።

አሮጌውን ካወጣህ በኋላ ከንፈሩ የሚሄድበትን የብረት ፊት ጠርገህ ጥፍርህን አሻግርበት። ጥፍርህ ከያዘ ብረቱ ተቦርቡሯል፤ የዓለምን ምርጥ ኦይል ሲል ብታስገባበት ያፈስሳል። ጉድጓዱ ጥልቅ ካልሆነና ቦታ ካለ፣ አዲሱን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አሳልፈህ ወይም አስቀርተህ አስገባው፤ ከንፈሩ ያልተነካ ብረት ላይ ያርፋል። ጥልቅ ከሆነ ለቶርኖ ቤት ስጠው፣ ቀጭን ቀለበት ያለብሱታል።

ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። ጀርባው ላይ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ውፍረት በሚሊ ሜትር ተጽፏል፤ ከአዲሱ ጋር አንድ በአንድ አመሳክር። ቁጥር የሌለው፣ ላስቲኩ ሲታጠፍ የሚነጣ፣ በጣትህ ስትጎነትለው ስፕሪንጉ ከቦይው የሚወጣ ከሆነ ለሻጩ መልስለት። እንዲህ ዓይነቱ ርካሽ ዕቃ ገበያውን ሞልቶታል፤ የሹፌር ገንዘብ በየወሩ የሚያልቀው በእርሱ ነው። ስፕሪንግ ያለበት ፊት ወደ ዘይቱ ይዞር። ከንፈሩን ዘይት ቀባው፤ በደረቁ የገባ ከንፈር በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ይቃጠላል። በካቻቪቴ ጫፍ ዙሪያውን እየደበደብክ አታስገባው፤ የውጭውን ጠርዝ የሚያህል ቱቦ ወይም ጠፍጣፋ እንጨት አድርገህ እኩል ይግባ። ያለፉት ሁለቱ ቀጥ ብለው መግባታቸውን አሮጌዎቹን ስታወጣ ታየዋለህ፤ ጠርዛቸው ላይ የካቻቪቴ ጠባሳ ካለ ምስክሩ እርሱ ነው።

የሞዞውን ዳዶ ስታስር ሞዞውን እያዞርክ አጥብቅ፣ ከበድ ሲል ትንሽ መልስ፤ በነጻ ይዙር እንጂ ወደ ጎን ፈጽሞ አይላወስ። የሚላወስ ሞዞ ከንፈሩን በየዙሩ ይደፈጥጠዋል። መቆለፊያውን ማጠፍ አትርሳ።

ዘይት የጠጣ ሸራ አይታጠብም፣ በእሳትም አይለበለብም። ላዩ ቢደርቅ ሲሞቅ ከውስጥ መልሶ ያልባል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ነህ። በሁለቱም ጎን ቀይር፤ አንዱን ጎን ብቻ መቀየር ስበቱን ያባብሰዋል። ታምቡሩን በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ፈትገህ አድርቅ። ቤንዚን አጠገቡ አይድረስ። የታምቡሩን ብናኝም በአየር አትንፋው፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፣ ሳንባ ይጎዳል።

የአክስሉን ዘይት ጂኤል-5 (የጥርስ ዘይት ደረጃ ነው) የሚል፣ መመሪያው የሚጠይቀውን የውፍረት ቁጥር ሙላ። ከዚያ በባዶ እስከ ወለንጪቲ ደርሰህ ተመለስ፤ መንገድ ላይ ፍሬኑን ቀስ እያልክ ሞክር። ስትቆም እጅህን ወደ ሁለቱ ታምቡሮች አስጠጋ፤ አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ የሸራው ልክ አልተስተካከለም ወይም ሞዞው ጠብቋል፤ ተመልሰህ ክፈተው። ያን ጊዜም ቢሆን፣ ወንድሜ፣ ክሪኩን ከማንሣትህ በፊት ታኮውን ጣል። የመጀመሪያውን የመተሐራ ጭነት ይዘህ ስትመለስ ደግሞ መተንፈሻዋን በእጅህ ነክተህ ባርኔጣዋ እንደምትንቀሳቀስ አረጋግጥ፤ ከዚያ በኋላ ዘይት በቀየርክ ቁጥር።