ጠዋት 2.9፣ ከሰዓት 4.8፦ የትኛውን ልመን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በልጅነቴ በቶንሲል ሰበብ ልቤ ተጎድቶ ስለነበር ሚትራል ቫልቬ በብረት ቫልቭ ተቀይሮልኝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን እወስዳለሁ። ሰሞኑን ጠዋት ተመርምሬ አይኤንአር (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ቁጥር) 2.9 ወጣ። ላረጋግጥ ብዬ ከሰዓት ሌላ ላብራቶሪ ሄድኩ። ደም ስሬ አልገኝ ብሎ ሁለት ጊዜ ተወጋሁ፣ ትንሽ ደም ብቻ ወሰዱ፤ ውጤቱ 4.8 ሆነ። ጎረቤቴ «ጾሙን ሙሉ ጎመን ስለበላሽ ደምሽ ቀጠነ» አለችኝ። መድኃኒቱን ላቁም?

መልስ፦ እህቴ፣ በራስዎ አያቁሙ። ዛሬውኑ ለሚከታተልዎት ሐኪም ደውለው ሁለቱንም ቁጥር ይንገሩ፤ ምርመራው በአዲስ ናሙና ይደገም። ድድዎ ወይም አፍንጫዎ እየደማ አልቆም ካለ፣ ሰገራዎ ከጠቆረ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከያዘዎት ግን ስልክ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ዋርፋሪን ቀርፋፋ መድኃኒት ነው፤ ዛሬ መጠኑ ቢለወጥ በውጤቱ ላይ በደንብ የሚታየው ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ከ2.9 ወደ 4.8 የዘለለው ደምዎ ነው ብዬ አላምንም። እኔን ያስጠረጠረችኝ እግረ መንገድዎን ጣል ያደረጓት «ትንሽ ደም ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት።

ደሙ በሚቀዳበት ባለሰማያዊ ክዳን ቲዩብ ውስጥ ሲትሬት የሚባል ፈሳሽ አለ። ካልሲየሙን ይዞ ደሙ ሳይመረመር እንዳይረጋ ያደርጋል። ልኩ ለዘጠኝ እጅ ደም አንድ እጅ ነው፤ ለ2.7 ሚሊ ሊትር ደም 0.3። ቲዩቡ ግማሽ ላይ ከቀረ ሲትሬቱ ይተርፋል፣ ምርመራውን ለማስጀመር እኛ የምንጨምረውንም ካልሲየም ይበላዋል። ደሙ ለመርጋት ይዘገያል፤ ማሽኑም ቀጥኗል ብሎ ያነባል።

ላብራቶሪ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ባለቫልቭ እናት ሌሊቱን ተጉዘው መጡ። ደግሜ ልወጋቸው አሳዘኑኝና የጎደለውን ቲዩብ ተቀበልኩ። ከ5 በላይ ወጣ፣ ሐኪሙም መድኃኒቱን አስቆመ። በሦስተኛው ቀን ሲደገም 1.6 ሆኖ ተገኘ። በ1.6 ቫልቭ ላይ ደም ሊረጋ እንደሚችል ያውቁታል። እናትየዋ ደህና ሆኑ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የጎደለ ቲዩብ እመልሳለሁ። ታካሚ ይቆጣኛል፣ ይቆጣኝ።

ጎረቤትዎ ነገሩን ገልብጠውታል። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ያዳክማል፤ ቁጥሩን ወደ ታች ነው የሚስበው። ለእርስዎ ቫልቭ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። የሁዳዴን 55 ቀን ጎመን ሲበሉ ከርመው ቁጥሩ ሲወርድ መጠኑ ይጨመርልዎታል፤ ፋሲካ ሲገባ ጎመኑ ይቀርና ያው መጠን ይበዛል። ጎመኑን አይተዉ፣ ብቻ በየሳምንቱ የሚበሉትን አያለዋውጡ። ሽቅብ የሚያወጣው ሰዉ ለአሜባ እያለ ከፋርማሲ የሚገዛው ሜትሮኒዳዞል ነው፤ ኮትሪሞክሳዞልም እንዲሁ። የቲቢው ሪፋምፒሲን ደግሞ ያወርደዋል።

ወረቀቱ ላይ በሰከንድ የተጻፈውን የመርጊያ ጊዜ ከሌላ ላብራቶሪ ጋር አያወዳድሩ። የየላብራቶሪው ሪኤጀንት (ደሙን ለማርጋት የምንጨምረው የምርመራ ኬሚካል) ጉልበቱ ይለያያል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1983 እ.ኤ.አ. አይኤንአርን ያመጣው ለዚሁ ነው። እሱም ቢሆን አዲስ ሪኤጀንት ሲገባ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የጉልበቱ ቁጥር ማሽኑ ውስጥ ካልተስተካከለ ይሳሳታል። አንድ ላብራቶሪ ይዘው ቢቆዩ ይሻላል።

ለድጋሚው ምርመራ ሲሄዱ ውኃ ጠጥተው፣ ክንድዎን አሙቀው ይሂዱ። ደም ስርዎ እንደሚያስቸግር አስቀድመው ይናገሩ፤ 1.8 ሚሊ ሊትር ደም የሚበቃው ትንሽ ቲዩብ አለ፣ ካላቸው በእሱ ይቅዱልዎ። ደሙ ቲዩቡ ላይ ካለችው መስመር መድረሱንም ራስዎ ይዩ።