ስለ ሲ ኤንድ ኦ ካናል የሳይክል ጉዞ ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ከባለቤትሽ ጋር ከዋሽንግተን ዲሲው ጆርጅታውን ተነስታችሁ በሲ ኤንድ ኦ ካናል ዳር፣ ማለትም ድሮ የጭነት ጀልባ ይሄድበት በነበረው በቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ዳር፣ እስከ ከምበርላንድ፣ ሜሪላንድ፣ በሦስት ቀን ለመድረስ አስባችኋል። የግራቭል (የጠጠር መንገድ) ሳይክሎቻችሁ ጎማ ስፋት 32 ሚሊ ነው። "መንገዱ ሜዳ ነው ስለሚባል ይበቃናል ወይ? የትስ እናድራለን?" ነው ያልሽው። መንገዱን ደጋግሜ ስለሄድኩበት ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

በአጭሩ፦ ጎማውን ቀይሩ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ጨምሩ፣ ከተቻለም ከከምበርላንድ ጀምራችሁ ወደ ቤት ውረዱ።

ሜዳነቱ እውነት ነው። መንገዱ 184.5 ማይል ሆኖ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 605 ጫማ ብቻ ነው። እሱም የተጠራቀመው ሎኮቹ ጋ ነው። ሎክ ማለት ጀልባዋን አስገብተው ውሃ እየሞሉ ወደ ላይኛው ደረጃ የሚያወጡበት፣ በጥርብ ድንጋይ የተሠራ ጠባብ ገንዳ ነው። 74 አሉ። እያንዳንዱ ስምንት ጫማ አካባቢ ያነሳል። ዳገት የምታዩት እዚያ ብቻ ነው፤ ለጥቂት ሜትር ብድግ ይልና ያበቃል።

ግን ሜዳ ላይ እግር አያርፍም። ቁልቁለት ስለሌለ ፔዳል መምታት የሚቆምበት ቦታ የለም። ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ አቀማመጥ ነው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መቀመጫና መዳፍ መናገር ይጀምራሉ። አስፋልት ላይ 60 ማይል ለለመደ ሰው ሦስት ቀን ብዙ ይመስላል። እዚህ ግን ዕቃ ጭናችሁ በሰዓት ከ9 እስከ 11 ማይል ከሄዳችሁ በጣም ጥሩ ሄዳችኋል። በዚህ ፍጥነት 60 ማይል ማለት ቀኑ በሙሉ ኮርቻ ላይ አለቀ ማለት ነው። ደክሟችሁ፣ ምንም ሳታዩ ታልፋላችሁ። ያ ደግሞ ያሳዝናል።

ወደ ጎማው ልምጣ። መንገዱ የተሠራው ጀልባ ለሚጎትቱ በቅሎዎች ነው። ቦዩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1828 ነው፤ ከምበርላንድ የደረሰው በ1850። በቅሎዎቹ የድንጋይ ከሰል የጫኑ ጀልባዎችን እየሳቡ ይሄዱበት የነበረው አፈር፣ አንዳንድ ቦታ ጠጠር ተደልድሎበት ቢሻሻልም፣ ሌላ ቦታ ላይ ዛሬም ሸክላና ሥር ነው። ሲደርቅ ደስ ይላል። ሲዘንብበት ግን ሌላ መንገድ ነው። አንድ ጓደኛዬ ቀጭን ጎማና ፓራፋንጎ ይዞ መጣ፤ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነበር። ጭቃው ከረገፈ ቅጠል ጋር ተቀላቅሎ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል እየተጠቀጠቀ ሄደ። በመጨረሻ ጎማው መዞር አቆመ። በድንኳን ካስማ እየፈለፈለ ያወጣዋል፣ መቶ እርምጃ ሳይሄድ ተመልሶ ይሞላል። ስለዚህ 40 ሚሊ አድርጉት፣ ሳይክሉ ከተቀበለ 45። ጎማው ከሹካው ጋር ሲታይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ነፋሱን ትንሽ ቀነስ አድርጉ። ከመነዳሪ ለየሳይክሉ ሁለት ሁለት፣ መንፊያ፣ የካቴና ዘይት ያዙ። ጭቃ ዘይቱን ቶሎ ይበላዋል።

ከከምበርላንድ ጀምሩ ያልኩት ቁልቁል ስለሆነ አይደለም፤ ቁልቁለቱ ጨርሶ አይታወቅም። ሰው የሌለበትን፣ ሱቅ የሚርቀውን፣ ስልክ የሚጠፋበትን ክፍል ጉልበት እያለ ብትጨርሱት ይሻላል ብዬ ነው። የመጨረሻውን ቀን ደግሞ በምታውቁት ሰፈር ትገባላችሁ። መመለሻ መኪና መፈለግም ቀረ። ከዋሽንግተኑ ዩኒየን ስቴሽን የምትሳፈሩበት የአምትራክ ባቡር ከምበርላንድ ይቆማል፣ ሳይክል ይዞ መግባትም ይቻላል። እዚያ አድራችሁ በጠዋት መነሳት ነው።

በአራት ቀን ከሆነ እኔ እንዲህ እከፍለዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን እስከ ሊትል ኦርሊንስ፣ 44 ማይል ግድም። ሁለተኛው እስከ ዊልያምስፖርት። ሦስተኛው እስከ ብረንስዊክ። የቀረው 55 ማይል ለመጨረሻው ቀን። አምስት ቀን ካላችሁ ግን አምስት አድርጉት።

በመጀመሪያው ቀን ፓው ፓው ዋሻ ላይ ትደርሳላችሁ። እባካችሁ እዚያ ጊዜ ስጡ። ፖቶማክ ወንዝ እዚያ አካባቢ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ መሐንዲሶቹ ተራራውን በስቶ ማለፍ ይሻላል አሉ። በ1836 ሲጀመር በሁለት ዓመት ያልቃል ተብሎ ነበር። ገንዘብ አለቀ፣ ሠራተኞች ተጣሉ፣ ሥራው ለዓመታት ቆመ። የተጠናቀቀው በ1850 ነው። 3,118 ጫማ ርዝመት አለው፤ ውስጡ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ጡብ ተደርድሮበታል። መብራት የለውም። መሃል ላይ ስትሆኑ ሁለቱም አፎች እንደ ሳንቲም አንሰው ይታያሉ። መሬቱ ጎርበጥባጣና ውሃ የሚያቁር ስለሆነ ከሳይክል ወርዳችሁ እየገፋችሁ እለፉ። ጠንካራ ባትሪ ለእያንዳንዳችሁ ያስፈልጋል፤ የስልክ መብራት አይበቃም።

ሎኮቹ ላይም ቆም በሉ። የድንጋዩን ጠርዝ በእጃችሁ ዳስሱት። ገመድ ለዓመታት እየተፈገፈገ የቦረቦረው ጉድጓድ ይገኛል፤ ጣት ሙሉ ይገባል። እኔ ሁሉንም ሳልነካ ማለፍ አልችልም።

ከሊትል ኦርሊንስ እስከ ቢግ ፑል ድረስ ከቦዩ ጎን ለጎን ዌስተርን ሜሪላንድ ሬል ትሬል የሚባል አስፋልት አለ፣ 28 ማይል ያህል። ከዘነበ ወይም መቀመጫችሁ ከተጎዳ ወደዚያ ተሻገሩ። ከዊልያምስፖርት በታች ደግሞ ቢግ ስላክወተር የሚባለው ቦታ አለ። እዚያ ቦይ አልተቆፈረም፤ ጀልባዎቹ ወንዙ ውስጥ ገብተው ነበር የሚያልፉት። መንገዱ በገደሉና በውሃው መካከል ተጣብቆ ያልፋል። ለእኔ ከመንገዱ ሁሉ ያማረው እሱ ነው። ከዚያ ሃርፐርስ ፌሪ ትመጣለች፤ ጆን ብራውን ባርነትን ለመጣል በ1859 የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቱን የያዘባት ከተማ። ወደ ከተማዋ የሚያሻግረው የእግረኛ ድልድይ ደረጃ ስላለው ሳይክል ተሸክሞ መውጣት ይጠይቃል፤ ግን ውጡ። ሞኖካሲ ወንዝ ላይ ያለውን፣ ቦዩን ያሻግር የነበረውን ባለሰባት ቅስት የውሃ ድልድይም ሳይክሉን በእግር እየገፋችሁ እለፉት።

ማደሪያን በተመለከተ፣ በየጥቂት ማይሉ ነፃ የድንኳን ቦታ አለ። ቀድሞ የደረሰ ይይዛል። ጠረጴዛ፣ የእሳት ቦታ፣ መጸዳጃና በእጅ የሚሳብ የውሃ ፓምፕ አለው። ውሃው በአዮዲን ስለሚታከም ጣዕሙ ለየት ይላል። በክረምቱ ብርድ ፓምፖቹ ይዘጋሉ፤ በበጋም አንዳንዱ ተበላሽቶ ይገኛል። ስለዚህ ውሃ ባገኛችሁበት ሙሉ። ድንኳን ካልፈለጋችሁ ሃንኮክ፣ ዊልያምስፖርትና ብረንስዊክ አካባቢ አልጋ ይገኛል።

ምግብ ከፓው ፓው እስከ ሃንኮክ ይሳሳል። እኔ በሶ ነው የምይዘው። ከስኳርና ከጨው ጋር በፌስታል አድርጌ እይዝና በጠርሙስ በጥብጬ እጠጣለሁ፤ ከየትኛውም ኢነርጂ ባር በላይ ያቆየኛል። ዳቦ ቆሎ ለኪስ።

ጊዜውን ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ብታደርጉት ደስ ይለኛል። ትንኙ ይቀንሳል፣ መሬቱ ይደርቃል። የፓው ፓው ፍሬም የሚበስለው በመስከረም መጀመሪያ ግድም ስለሆነ የዘገየ አንድ ሁለት ታገኙ ይሆናል፤ የእኛ ጊሽታ ዘመድ ነው። ማታ ማታ እግራችሁን ለመዥገር ፈትሹ።

ቦዩ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ፣ የትኛው ክፍል በጥገና እንደተዘጋ ከመነሳታችሁ በፊት የፓርኩን ድረ ገጽ እዩ። ደወል ሳይክሉ ላይ ይኑር፤ ደንቡ ይጠይቃል። ከሁሉ በፊት ግን ባቡሩ ላይ ያለው የሳይክል ቦታ ጥቂት ስለሆነ ቲኬቱን ስትቆርጡ አብራችሁ ያዙት።