የስናር ድንበር ያለው መንገዱ ላይ ነው

ወንድሜ፣ «የስናር መንግሥት ከጎንደር ጋር የሚዋሰንበትን መስመር በዛሬ ካርታ ላይ መሣል እፈልጋለሁ፤ መተማ ላይ ባደርገው ትክክል ነው?» ብለሃል። ስናር በዛሬዋ ሱዳን የነበረ የፉንጅ መንግሥት ነው። እኔም እዚሁ ጎንደር ሆኜ ይህንኑ ሞክሬዋለሁና ያየሁትን ልንገርህ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ጉግል ላይ ያለውን የኢትዮጵያና የሱዳን መስመር ይዤ ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ እያልኩ ላስተካክለው ሞከርኩ። ብዙ ማታ አቃጠልኩበት። አይሆንም። ያ መስመር አፄ ምኒልክና እንግሊዞች በ1902 በተዋዋሉት ውል የመጣ ነው። ስናር ደግሞ በ1821 የግብፅ ጦር ሲገባ አብቅቶለታል። በመሃል 81 ዓመት አለ።

ከዚያ ወደ መንገደኞቹ ዞርኩ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1699 ታላቁ ኢያሱን ሊያክም ከስናር ወደ ጎንደር ሲመጣ ሰርኬ የምትባል ከተማ ደረሰ። በከተማዋ ጫፍ የምታልፍ ትንሽ ጅረት ሁለቱን መንግሥታት እንደምትለይ ጽፏል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ድንበሩን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ጅረቷን ይዤ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ልቀጥል ስል ግን የምይዘው ነገር አጣሁ። ፖንሴ ያየው መንገዱ ጅረቷን የሚሻገርበትን አንድ ቦታ ብቻ ነዋ።

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ቁስቋም ተነስቶ ወደ ስናር ሲወርድም እንደዚያው ነው። ዛሬ መተማ አካባቢ ያለው ራስ አል ፊል የጎንደር ነበር፤ ብሩስ ራሱ የዚያ አገር ገዥ ተብሎ ተሹሟል። ቀጥሎ የደረሰባት የቴዋ ሼክ ደግሞ የስናር ሰው ነው። በሁለቱ መካከል የቀናት በረሃ አለ። ድንበሩ ያ በረሃ በሙሉ ነው።

ይህ የገባኝ በአውቶቡስ ወደ መተማ ስወርድ ነው። አይከልን አልፈህ ቁልቁል ስትል አየሩ ይቀየራል፣ ሙቀቱ ፊትህን ይመታሃል። ድሮ ክረምት ሲገባ ጭቃውና ንዳዱ መንገዱን ይዘጋዋል። ጦርም ነጋዴም የሚያልፈው በበጋ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ዳግማዊ ኢያሱ በ1744 ጦር ይዘው ስናር ውስጥ ዲንደር ወንዝ ድረስ ዘልቀዋል። እዚያ ተሸነፉ፤ የኵርዓተ ርእሱ (የእሾህ አክሊል የደፋው ክርስቶስ) ሥዕል ሳይቀር ተማርኮ በኋላ በገንዘብ ነው የተመለሰው። ይህን አይተህ የጎንደርን ቀለም እስከ ዲንደር እንዳትቀባ። ዘመቻ የደረሰበት ሁሉ ግዛት አይደለም፤ ገባር ያለበት ነው ግዛት።

ስለዚህ መስመሩን ተወውና መንገዱ ላይ ነጥብ አድርግ። እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ዓመቱንና ገዥውን ጻፍ፦ ሰርኬ 1699፣ ራስ አል ፊል 1771፣ ቴዋ 1772። በመካከላቸው ቀለሙ እየሳሳ ይሂድ። መተማንም እንዲሁ በነጥብ አስገባት፣ በ1771 ከጎንደር ወገን ሆና።

የብሩስን ካርታ በዛሬው ላይ የምትዘረጋው ከሆነ ከተሞችን ብቻ አትመን። ከተማ ይፈርሳል፣ ይነሳል። እኔ በሁለት ከተማ ብቻ ይዤ ስዘረጋው ሌላው ሁሉ ተንሸራተተብኝ። አባይ ከጣና የሚወጣበትንና ዲንደር አባይን የሚቀላቀልበትን ስጨምር ነው ረጋ ያለልኝ። በፈረንጅ ፊደል የተጻፉትን የቦታ ስሞችም ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብባቸው። ራስ አል ፊል በዓረብኛ «የዝሆን ራስ» ማለት ነው፤ ጭልጋን ደግሞ ገና ስታነበው ትለየዋለህ።

ስናር ከጠፋ በኋላም የመተማ ተክሩሮች (ከምዕራብ አፍሪካ መጥተው የሰፈሩ ሙስሊሞች) ለግብፅም ለኢትዮጵያም ይገብሩ ነበር። እነሱን በአንድ ቀለም መቀባት አልሆነልኝም። በሁለቱም ቀለም ሰረዝ ሰረዝ አድርጌ ተውኳቸው።