ቅጠሉ የታመመ ማሽላ ለሰንጋ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ሐረር አካባቢ እንደተለመደው ማሽላችን ሲሳሳ የሚነቀለውን ቡቃያና የሚቀነጠሰውን ቅጠል ለምናደልበው ሰንጋ እንሰጣለን። ዘንድሮ በክረምቱ መካከል ቅጠሉ በቀይ ነጠብጣብ ተሸፈነ፤ አንዳንዱም ሲነኩት እጅ የሚያቀልም ዝገት መሰል ዱቄት አወጣ። በሬው ይበላዋል፣ ነገር ግን እንደ አምናው አልሰባም። ምክንያቱ በሽታው ይሆን? መርዝስ አለው?

መልስ፦ እንደ አገላለጽዎ ነጠብጣቡ አንትራክኖስን፣ ዱቄቱ ደግሞ ዋግን ይመስላል። ሁለቱም የፈንገስ በሽታዎች ሲሆኑ፣ ቅጠል ለረጅም ሰዓት እርጥብ ሆኖ በሚቆይበት ወቅት ይበረታሉ። ቀዩ ቀለም ግን ፈንገሱ ሳይሆን ማሽላው ራሱን ለመከላከል የሚያመነጨው ነው።

አስቀድሞ የሚጎድለው ስኳሩ ነው። ፈንገሱ ተክሉ የሠራውን ስኳር ስለሚመገብ፣ በከብቱ ጨጓራ ውስጥ ፈጥኖ ኃይል ይሰጥ የነበረው ክፍል ይቀንስና ለመፈጨት የሚያስቸግረው ቃጫ ድርሻው ይጨምራል። የመኖን ጥራት በፕሮቲን ብቻ መመዘን እዚህ ላይ ያሳስታል፤ ስኳሩ ሲጎድል የፕሮቲኑ መቶኛ በላብራቶሪ ውጤት ሳይቀንስ፣ አንዳንዴም ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላልና። በሽታው ሲጠና ደግሞ አብዛኛውን ፕሮቲን የያዘው ቅጠል ደርቆ ይረግፍና አገዳው ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በሬው ጠግቦ እየበላ አለመስባቱ ከዚህ ሊመጣ ይችላል፤ ሆኖም የሆድ ትላትልም እንዲሁ ስለሚያከሳ በእንስሳት ሐኪም ቢያስመረምሩት መልካም ነው።

መርዝን በተመለከተ፣ ሁለቱ በሽታዎች በለጋ ቅጠል ላይ ሳሉ ከብት በመመረዝ አይታወቁም። እኔን የሚያሳስበኝ ከታጨደ በኋላ ያለው ነው። በሽታ ያደረቀው ቅጠል እርጥብ ሆኖ ከተከመረ ይሻግታል፤ አንዳንዱ ሻጋታም አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ያመነጫል፤ ይህም በምትታለብ ላም ወተት ውስጥ እስከ መታየት ይደርሳል። የሻገተውን ለማንኛውም ከብት አይስጡ።

ነጠብጣቡ በታችኞቹ ቅጠሎች ላይ እንደታየ ማሳሳቱን ያፋጥኑ፤ የተነቀለውን በዕለቱ ይመግቡ፤ የጎደለውን ኃይል በስንዴ ፉርሽካ ወይም በሞላሰስ ይደግፉ። ለመኖ በሚውል ቅጠል ላይ ፀረ ፈንገስ እንዲረጩ አልመክርም፣ ቅሪቱ ወደ ከብቱ ይገባልና። አንትራክኖስ በማሳ ላይ በቀረ አገዳ ስለሚከርም፣ አገዳውን ሰብስበው ያንሡና በሚቀጥለው ዓመት ማሳውን ለኦቾሎኒ ወይም ለቦሎቄ ያውሉት።